የተርቦቹ ቀለብ

መጠሪያዋ ብዙ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ቴክኒሻኗ ናት፤ ለወንድሟ «እቴ»፤ ለብርቱካን አብቃዮቹ ደግሞ፣ አንዳንዴ በአክብሮት፣ አብዛኛውን ጊዜ በፌዝ፣ «እሜቴ ተርብ»። እውነተኛ ስሟን ከራሷ በቀር የሚያስታውስ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኛም እሜቴ ተርብ እንበላት፤ መቼም ለምዳዋለች።

ሥራዋ ተርብ ማርባት ነው። ተርብ ሲባል ያ ወገበ ቀጭኑ፣ ሰው ነድፎ ፊት የሚያሳብጠው እንዳይመስላችሁ። የእሷ ተርብ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ፣ ሰው መንደፍ ቀርቶ ሰው የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቅ ፍጥረት ነው። የሚኖረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የብርቱካንና የሎሚን ለጋ ቅጠል የሚመጥጥ ሌላ ደቃቅ ተባይ አለ፤ የእሱን ግልገሎች ለመብላት ነው። መጣጩ ጭንቅላቱን ቅጠሉ ላይ ቀብሮ፣ ቂጡን ወደ ሰማይ ሰቅሎ የሚጠጣ፣ ነውር የሚባል የማያውቅ ጉድ ነው። መጠጣቱስ ባልከፋ። ከታመመ ዛፍ ጠጥቶ ወደ ጤነኛው ሲሄድ ግን ባክቴሪያ ይዞ ይሄዳል። ባክቴሪያው በዛፉ ውስጥ እየተሹለከለከ ምግብ የሚያልፍበትን መንገድ ይደፍናል። ቅጠሉ ዥጉርጉር ቢጫ ይሆናል፤ ፍሬው ተንጋዶ ያድጋል፤ ሲቀምሱት ሐሞት ነው። አብቃዮቹ በሽታውን «ቢጫው» ይሉታል። ቢጫው መድኃኒት የለውም። የያዘው ዛፍ ዛሬም ይሁን ነገ ሟች ነው፤ ቆርጦ ማቃጠልና መጣጩ ወደ ሌላው እንዳይሻገር መከላከል ብቻ ነው ያለው አማራጭ።

ማራቢያው ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ያለ፣ ጣሪያው ላስቲክ፣ ግድግዳው እንደ ወንፊት ጥቅጥቅ ያለ መረብ የሆነ ረጅም ቤት ነው። ሁለት በር አለው፤ የፊተኛው ሳይዘጋ የኋለኛው አይከፈትም። ውስጡ ይሞቃል፣ ይወብቃል፣ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። በመደዳ የተደረደሩ ነጭ የመረብ ሣጥኖች አሉ፤ በየሣጥኑ ውስጥ በባልዲ የተተከሉ ችግኞች። ችግኙን ትገርዘዋለች፣ ለጋ ቅጠል ያወጣል። መጣጩን ትለቅበታለች፣ ይፈለፍላል። ከዚያ ተርቦቹን ታስገባለች። እናቲቱ ተርብ በመጣጩ ግልገል ሆድ ሥር አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ የተፈለፈለው ልጅ ግልገሉን ከሥር እየመጠጠ ቅርፊቱን ብቻ ያስቀረዋል፤ ሲያድግ ቅርፊቱን በስቶ ይወጣል። እሜቴ ተርብ የወጡትን በአፏ በምትስበው ቀጭን ቱቦ እየለቀመች ጠርሙስ ውስጥ ትከታቸዋለች። ቱቦው መሃል ላይ ጨርቅ አለ፤ ባይኖር ትውጣቸው ነበር።

«እሜቴ፣ ዛሬ ቁርስ ተርብ ነው?» ይሏታል የግቢው ሠራተኞች።

«አዎ፣ ለአንተ ግን አይተርፍም» ትላለች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ተርብ ለማርባት መጀመሪያ ጠላትን ማርባት ግድ ነው። ግማሽ ዕድሜዋን ያሳለፈችው ያንን ቂጡን ሰቃይ እንደ ልጅ ስትቀልብ ነው። እርግጥ በማራቢያው ያለው መጣጭ ንጹሕ ነው፤ ችግኙም የተመረመረ፣ ቢጫው ያልነካው ነው። ያለዚያማ ማራቢያው የበሽታ ቤት በሆነ ነበር። ይህን ግን ለማንም ነግራ አታውቅም። እንደ መተንፈስ የለመደውን ነገር ማን ቁጭ ብሎ ያብራራል?

ወንድሟ በዕድሜ አባት ሊሆናት ትንሽ የቀረው ሰው ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ ጡት ከጣለች ብዙም አልቆየችም፤ ያሳደጋት እሱ፣ «ጋሼ» የምትለው ነው። ጫማዋን ያሰረላት፣ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ሲያተኩሳት አቅፏት የዋለ እሱ ነው። ከአባታቸው በቀረው የብርቱካን አትክልት ውስጥ ወገቡ እስኪቆረጥ ሠርቶ ያስተማራትም «ሐኪም ትሆንልኛለች» ብሎ ነበር። እሷ ተርብ አርቢ ሆና አረፈችው። ጋሼ አልተቆጣትም፤ የባሰ ነገር አደረገ፣ አፈረባት። «እህትህ ምን ትሠራለች?» ሲሉት «ቢሮ ነች» ይልና ወሬ ይቀይራል። አንድ ጊዜ እቤቱ፣ እንግዳ ፊት፣ ስለ ተርቦቿ ማውራት ብትጀምር፣ «እስቲ ተይው፤ ሰው ገበታ ላይ ነው» አላት። ሚስቱ ሳቀች። እሜቴ ተርብም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ተርብ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ግን ያንገበግባት ነበር። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል «ጎበዝ» እንዲላት የምትፈልገው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ያፍርባታል።

ቢጫው ወደ አካባቢው ሲገባ ሰው ሁሉ መርጫ አዘለ። ረጩ፤ መጣጩ ጠፋ፤ ተመልሶ መጣ። አብዝተው ረጩ፤ መጣጩ መድኃኒቱን ለመደው። ንቦቹ አለቁ፣ የረጪዎቹ ዓይን ቀላ፣ መጣጩ ግን መጠጣቱን ቀጠለ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ወጣት ቢሆንም ነገር የገባው ሰው ነው፤ አብቃዮቹን በማኅበራቸው አዳራሽ ሰበሰበና፣

«መርጨቱን እናቁም፤ ተርብ እንልቀቅ» አለ። «ግን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ካልተደረገ ከንቱ ነው። የታመመ ዛፍ ይቆረጣል። ጉንዳን ግንዱ ላይ እንዳይወጣ ይከለከላል፤ የመጣጩን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወድ ተርቡን ያባርርብናል። ማን ይጀምርልን?»

ሁሉም መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«የእሜቴ ወንድም ይጀምር እንጂ! ተርቡ የቤቱ አይደል?» አለ አንዱ። ከጋሼ ጋር አጥር የሚጋራ፣ ሰፊ የሎሚ እርሻ ያለው ሰው ነው፤ ባለ ሎሚው ይሉታል። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጋሼ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሳይታሰብ ማራቢያው ደጃፍ ተገተረ። እሜቴ ተርብ ቱቦዋን ከአፏ ማውጣት እስክትረሳ ደነገጠች።

«ያንን ነገርሽን አሳይኝ» አላት።

በማጉያ መነጽር አሳየችው።

«እቺ ናት? ይህቺ ትቢያ?»

«ዝም ብለህ እይ፣ ጋሼ።»

አየ። ተርቧ የመጣጩን ግልገል ዞረችው፣ ነካ ነካ አደረገችው፣ ከሥሩ ገባች።

«ከሥር ገብታ ነው እንዴ የምትጨርሰው? ይሄማ የዘመድ ሥራ ነው!» ብሎ ሳቀ። ለረጅም ጊዜ ከመነጽሩ ዓይኑን አላነሣም። «ግልገሎቹ ያለቁ ዕለትስ? ተርቦቹ ምን ይውጣቸዋል?»

«ይሞታሉ። ሌላ ነገር አይበሉም። እኛስ መጣጩን የምናረባው ለምን ይመስልሃል? ቀለባቸው እኮ ነው።»

«ሳትሳሱ?»

«እየሳሱማ ተርብ አይረባም!» አለችው በኩራት። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ግማሽ እውነት ቢሆንም እውነት ነበር።

ጋሼ ቀና ብሎ ቤቱን ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሣጥኖቹን፣ ባልዲዎቹን፣ ጠርሙሶቹን። ከዚያ እሷን አየ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄንን ነው የምትሠሪው?»

«ይሄንን ነው።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ጎበዝ። ጎበዝ ነሽ፣ እቴ።»

ከሄደ በኋላ እሜቴ ተርብ በሩን ዘግታ በሣጥኖቹ መካከል ቁጭ ብላ አለቀሰች። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ጋሼ አንዴ ካመነ ለማመን ልክ የለውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ስለ ተርብ ሰባኪ ሆነ። «የእህቴ ልጆች» ይላቸዋል። ባለ ሎሚውን ሳይቀር ለምኖ፣ ተከራክሮ፣ ጎረቤቱን ሁሉ መርጫ አስጣለ። ተርቦቹ የሚለቀቁት ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ እሜቴ ተርብ ጠርሙሶቿን ይዛ በአትክልቱ ላይኛው በር ስትመጣ ጋሼ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይጠብቃታል። ክዳኑን ስትከፍት ባርኔጣውን ያወልቃል። ሚስቱ «ለሠርጋችንም እንዲህ አልለበሰ» ብላ ትቀልድበታለች።

የመጀመሪያው ዓመት አማረ። መጣጩ ሳሳ፤ በየቅጠሉ ጀርባ የተበሳሳ ቅርፊት ሞላ። አብቃዮቹ «እሜቴ ተርብ» ሲሏት ፌዙ ጠፍቶ አክብሮቱ ብቻ ቀረ። ባለ ሎሚው ራሱ መንገድ ላይ አስቁሞ እጇን ጨበጣት።

በሁለተኛው ዓመት ግን በጋሼ ታችኛው አጥር በኩል አንድ ዛፍ ቢጫ አለ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ አጥሩን ተሻግሮ የባለ ሎሚው። መጀመሪያ «ድሮ የያዘው ነው፣ አሁን ታየ» ተባለ። እንዲህ ሲባል ሲባል ወረርሽኙ እንደ እሳት ተያያዘ። እሜቴ ተርብ እንቅልፍ አጣች። የታመመው ሁሉ ተቆርጧል፤ ጋሼ ራሱ «ቆርጬ ጨርሻለሁ» ብሎ በአፉ ነግሯታል። ወንድሟን ሄዳ ልትመረምር ነው እንዴ? ታዲያ መጣጩ በሽታውን ከየት ያመጣዋል?

አንድ ጠዋት ማጣበቂያ የተቀባ ካርድ በጋሼ አትክልት በየዛፉ ላይ ሰቀለች። መጣጩ ሲበር ይጣበቅበታል። ከቀናት በኋላ ካርዶቹን እያየች ወረደች። ወደ ታች በወረደች ቁጥር የተጣበቀው እየበዛ ሄደ። ከመሣሪያ ማስቀመጫው ጀርባ፣ ከውኃ መውረጃው ቦይ አጠገብ፣ እሷ ረግጣው በማታውቅ ጥግ፣ የሸምበቆ አጥር አገኘች። አጥሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

በአንድ መስመር የቆሙ ብርቱካኖች ነበሩ። ሁሉም ታመዋል፤ ያረጀው ቅጠላቸው ቢጫ፣ ፍሬያቸው የተንጋደደ። ግን ተገርዘዋል። በሚያምር እጅ፣ በጋሼ እጅ፣ ለጋ ቅጠል እንዲያወጡ ተደርገው ተገርዘዋል። ሥራቸው ተኮትኩቶ ውኃ ጠጥቷል። ለጋው ቅጠል ላይ መጣጩ ቂጡን ሰቅሎ ትከሻ ለትከሻ ተደርድሯል። በመካከሉ የእሷ ተርቦች ጠግበው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ተርብ ደግሞ ግልገሉን እንጂ ያደገውን አይነካም፤ ያደገው ክንፍ ያወጣል፣ የታመመውን ጠጥቶ ወደ ጤነኛው ይበራል።

«አገኘሽው!» አለ ድምፅ ከኋላዋ።

ጋሼ ነው። የውኃ ማጠጫውን ይዟል። ፊቱ እንደ ልጅ ፈክቷል።

«ላስደንቅሽ ነበር እኮ፣ ቀደምሽኝ! መሥሪያ ቤታችሁ ቁረጥ ቁረጥ ይላል፤ እነዚያ ሰዎች ተርብ ምን እንደሚበላ የት ያውቃሉ? ሁሉ ከተቆረጠ፣ መጣጩ ካለቀ፣ የእህቴ ልጆች በረሃብ ሊያልቁ አይደለም እንዴ? ስለዚህ መጣጩ የበዛባቸውን ዛፎች መርጬ ቀለብ አደረግሁላቸው። ለአንቺም ያልነገርኩሽ አለቃሽ ቢሰማ እንዳያስቀይምሽ ብዬ ነው። እይ እስቲ እንዴት እንደ ጠገቡ!»

እሜቴ ተርብ ለጋውን ቅጠል ገልብጣ አየች።

«ይሄን... ይሄን ማን አስተማረህ፣ ጋሼ?»

«አንቺ ነሻ! ሌላ ማን?» አለ እየሳቀ። «‹እየሳሱ ተርብ አይረባም› ያልሽኝን መቼም አልረሳውም።»

በማራቢያው ያለው መጣጭ ንጹሕ ነው፣ ችግኙ ንጹሕ ነው፣ ይሄ ግን መርዝ ነው ልትለው አፏን ከፈተች። ፊቱን አየችው። ሽማግሌው በዚህ ዕድሜው፣ ወገቡን እያመመው ባልዲ እየተሸከመ፣ ለእሷ ብሎ፣ በእሷ ኮርቶ፣ የአባቱን አትክልት በገዛ እጁ ሲገድል ኖሯል።

«መሥሪያ ቤቱ እንዳይቀጣህ ቁረጠው» ብቻ አለችው። «ዛሬውኑ። አጥብቄ ነው የምለምንህ።»

ቆረጠው። እየቆረጠ ለተርቦቹ አዘነ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ቢጫው አካባቢውን አዳርሶ ጨርሶ ነበር።

ስብሰባው በዚያው አዳራሽ ተጠራ። ጋሼ እንደ ወትሮው ከፊት ተቀመጠ። ባለ ሎሚው ተነሣ።

«መርጨት አቁሙ አላችሁን፣ አቆምን። ቁረጡ አላችሁን፣ ቆረጥን። ጉንዳኑን አባረርን። እርሻዬ አለቀ! ልጆቼን ምን ላብላቸው? እስቲ አንቺ፣ እሜቴ፣ ተነሥተሽ ንገሪኝ፣ ምኑን አጎደልኩ?»

ምንም አላጎደለም። ይህን በዚያ አዳራሽ ከእሜቴ ተርብ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ኃላፊው ወደ እሷ ዞረ። «ምንጩን ፈልገዋል አይደል? ከየት ነው የመጣው?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ጋሼ ብድግ አለ። እህቱ ስትነካ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

«ስሙ!» አለ። «በተርቦቹ አትፍረዱ። እኔ በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ምናልባት እናንተ ጋ ርቧቸው ይሆናል። እኔ እንኳ እንዳይራቡ ብዬ ከታች በኩል...»

«ተርቦቹ አልቻሉም!» አለች እሜቴ ተርብ።

ጮኻ ነው ያለችው። ጋሼ አፉ እንደ ተከፈተ ዞሮ አያት።

«አልቻሉም» አለች ዝቅ አድርጋ። «መጣጩ በረታባቸው። እኔ ነኝ ይችላሉ ብዬ የተናገርኩት። ተሳስቻለሁ። ተቀመጥ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ኃላፊው ትክ ብሎ ተመለከታት። «እርግጠኛ ነዎት?» አላት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ገብቶታል።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ይህን ደግነት የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አልልም። ባለ ሎሚው ያን ዕለት ምን እንደ ጨረሰው ሳያውቅ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ይህ በደል ነው። ያች ትቢያ የምታህል ፍጥረት ያለ ጥፋቷ ስሟ ጠፋ፤ ከዚያም ወዲህ «ተርብ» ያለ ሁሉ በዚያ አዳራሽ እየተሳቀበት ወጥቷል። ነገር ግን ተርቧን ለማዳን ወንድሟን በጎረቤቶቹ ፊት ማቆም ነበረባት። በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ የምናደደው በማን እንደሆነ እንኳ አልለየሁም።

ሰው ሁሉ መርጫውን መልሶ አዘለ። የጋሼ አትክልት ከሥሩ ተነቀለ፤ ግንዱ ተከምሮ ሲቃጠል ጭሱ ቀኑን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ዋለ። ማራቢያው ተዘጋ። ሣጥኖቹ ተጥለው የመድኃኒት መጋዘን ተደረገ፤ እሜቴ ተርብም እዚያው የፀረ ተባይ ጠርሙስ አዳይ ሆነች። የግቢው ሠራተኞች ስለ ቁርሷ መጠየቅ ተዉ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ከቤት የሚወጣው ለግድ ጉዳይ ብቻ ሆነ። እሷ በየእረፍቷ ትጠይቀዋለች። ስለ ተርብ አያነሣም፤ እሷም አታነሣም። መስኮቱ ድሮ ወደ ብርቱካኖቹ ያሳይ ነበር፤ አሁን ወደ ተቆፋፈረ አፈር ነው የሚያሳየው። እሷ መጋረጃውን ትዘጋለች፣ እሱ ይከፍተዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱን «ነይ፣ አንቺም ስሚ» ብሎ ጠራና እህቱን ከፊት ለፊቱ አስቀመጣት። ብዙ ሲያስብበት የቆየ ነገር እንደሆነ ያስታውቃል፤ ሸሚዙን እንኳ ቀይሯል።

«እቴ፣ መጀመሪያ ላይ በጣም አዝኜብሽ ነበር፤ አልዋሽሽም» አላት። «የአባታችን አትክልት ነው። ዕድሜዬን ነው የቀበርኩበት። ለአንቺ ብዬ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ የተናገርኩት ሲታወሰኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። እንዲያው ይህን ሁሉ ዓመት በማይረባ ነገር መድከምሽ... በቃ፣ ይሁን። ሰው ነሽ፣ ተሳስተሻል። አሳድጌሻለሁና በሆዴ ይዤ ልሞት አልፈልግም። ይቅር ብዬሻለሁ።»

ሚስቱ እንባዋን ጠረገች።

እሜቴ ተርብ ተነሥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ያን ዛፍ ሲገርዝ የኖረ እጁን ሳመች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለችው።